አራት ቁልፍ፣ አንድ በር

«እኔ ብናገር እሱ ይጠፋል።»

«አንተ ዝም ብትልስ? ያኔ የሚጠፋው ማነው?»

ይህን የሰማው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በአባቱ የአናጢ ቤት፣ ከተደረደረ ጣውላ ጀርባ ተደብቆ ነው። ሁለት ሰዎች በዝግታ ያወሩ ነበር። አንደኛው አባቱ ነው፤ ሌላውን አላየውም። ነገሩ ስለ አንድ ቁም ሳጥን ነበር፤ አባቱ ሠርቶት ሳለ የሌላ ሰው ማኅተም ስላረፈበት ቁም ሳጥን። የቀረውን ወሬ መጋዝ ዋጠው። ዛሬ ጸጉሩ ገብስማ ሆኖ፣ ኢንስፔክተር ተብሎም፣ ከሁለቱ ድምፆች የትኛው የአባቱ እንደነበረ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አባቱ እንጨት ሲልግ ማፏጨቱን ተወ።

ጆሮ ሆኖ የቀረው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ሌላው መርማሪ ጠረጴዛ ሲደበድብ እሱ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ይሰማል። ሰው መዋሸት ሲጀምር ድምፁ ይቀየራል ብሎ ያምናል፤ ይህን ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጅኗ ደወለችለት።

«ኢንስፔክተር፣ ‹አራት ቁልፍ›ን ያውቋቸዋል?»

«የምን ቁልፍ?»

«ኧረ በእግዜር! ባንዱን ነዋ! ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ ሁሉ የሚያጫውተውን!»

«‹መስኮትሽ ሲበራ› የሚሉትን?»

«እሱን! ቤዝ ጊታር የሚመታው ልጅ መለማመጃ ክፍላቸው ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ነፍሱ አለች፤ ግን በክር ነው የተንጠለጠለችው።»

ክፍሉ ከጎማ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ፣ የአሮጌ መጋዘን ምድር ቤት ነው። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ፍራሽ ተለብዷል። ጥግ ላይ ድራም፣ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ጥቁር አሮጌ ፒያኖ። ከፒያኖው የብረት እግር አጠገብ የደረቀ ደም። አንድ የቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ የወረቀት አመድ።

ልጁን ያገኘችው የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ፣ መጥረጊያዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ ቆማለች።

«ማጉያው እንደበራ ነው ያደረው ጌታዬ። ከበሩ ወዲያ እምምም ይላል። መብራት አባከኑ ብዬ ልቆጣ ነበር አመጣጤ። ብጠራ መልስ የለም። ዘበኛውን ጠርቼ ሰበረው።»

«የተቆለፈው ከውጭ ነው እትዬ?»

«ከውጭ። ጓጉንቸሩ ይኸው።»

ጓጉንቸሩ ያለ ቁልፍ የማይዘጋ ዓይነት ነው። የልጁ ቁልፍ ከገዛ ሱሪው ኪስ ተገኝቷል። የባንዱ ስም ደግሞ የወጣው ከዚሁ በር ነው፤ አራቱ ልጆች ክፍሉን ሲከራዩ አራት ቁልፍ አስቀርጸው፣ ለአምስተኛ ሰው ላይሰጡ ተማምለው ነበር። ለጋዜጠኛ ሁሉ የሚያወሩት ታሪክ ነው።

«እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ነው» አለች ሳጅኗ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከፒያኖው ስር አንድ ነገር አነሳች። ቀይ፣ ጠባብ፣ እንደ ሪባን የረዘመ ወፍራም ጨርቅ። «ከቀሚስ የተቀደደ ይሆን?»

«እንዲህ የወፈረ ቀሚስ ማን ይለብሳል? ብቻ አስቀምጪው።»

እሱ ባልዲው ላይ አጎንብሶ ነበር። ከአመዱ መሃል የደብተር ሰማያዊ ልባስ ቁራጭ አገኘ፤ ከስሩም ያልነደደ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ጥግ። «ሁለተኛ እትም» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ግጥምና ዜማ»፤ ከዚያ ወዲያ እሳት በልቶታል።

ሐኪሟ በስልክ አጭር ነበረች። የተጎዳው ዓርብ ከሰዓት፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። «ወዲያው ሰው ቢጠራለት ኖሮ በሦስተኛው ቀን ይነሳ ነበር። ያደከመው ምቱ ሳይሆን ደሙ ሲፈስ ማደሩ ነው። ከነቃ እናያለን።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘግቶ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሳጅኗ ዞር አለችለት፤ ሲጸልይ እንዲታይ እንደማይወድ ታውቃለች።

ጣት መጀመሪያ ያረፈው ድራመሩ ላይ ነው። ቅጽል ስሙ ነጎድጓድ ነው። ጎማ ጠጋኙ ረቡዕ ዕለት ከቤዚስቱ፣ ከተጎዳው ልጅ ጋር፣ ግቢ ውስጥ ሲጨቃጨቅ ሰምቶታል፤ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ሣጥን ተሸክሞ እየሮጠ ሲወጣ አይቶታል።

«ሣጥኑ ውስጥ ምን ነበር?»

«ሲምባሎቼ፣ የድራሙ ናሶች።»

«ስትገባ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

«ማንም። ይዤ ወጣሁ፣ ቆለፍኩ፣ በቃ።»

«የት ወሰድካቸው?»

ነጎድጓድ ጉልበቱን በጣቶቹ ይመታል።

«ልጄ፣ ጓደኛህ ሆስፒታል ነው።»

«ሌላ ባንድ ጋ» አለ በመጨረሻ። «ለሙከራ። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ ሁለት እዚያ ነበርኩ፤ ስድስት ሰው ይመሰክራል። ብቻ እባክዎ ጋሼ፣ ለልጆቹ አይንገሩብኝ።»

«አልበማችሁ አገር እያንቀጠቀጠ ሌላ ባንድ ምን አስኬደህ?»

«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሆኖብኝ ነዋ። የአልበሙን ጀርባ ያንብቡ።»

ሳጅኗ ከቦርሳዋ አወጣችው። የራሷ ነው፤ አፍራ ሳቀች። ጀርባው ላይ «ግጥምና ዜማ በሙሉ» ይልና የዘፋኙ ስም ይከተላል። ከስር፣ በደቃቃ ፊደል፣ የቤዚስቱ ስም ከ«ቤዝ ጊታር» ጋር ሰፍሯል።

«ታዲያ የጻፈው ማነው?»

«ዝምታ ነዋ! አሥራ አንዱንም ዘፈን!» አለ ነጎድጓድ። ቤዚስቱን ሁሉም የሚጠሩት ዝምታ ብለው ነው። «በዚያ ሰማያዊ ደብተሩ። ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም አፋችንን ያዝን። ዘፋኛችን ‹የማተሚያ ቤት ስህተት ነው፣ በሁለተኛው እትም ይስተካከላል› አለ። ረቡዕ የጮህኩበት ‹ተናገር እንጂ!› ብዬ ነው። ‹ተስተካክሎ ይመጣል፣ አብሮ አደጌ ነው› አለኝ። አብሮ አደግ! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

ስድስቱም ሰዎች መሰከሩለት። ሳጅኗ የነጎድጓድን ስም ሰረዘች።

ዘፋኙ ከእህቱ ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖረው። እህቱ የባንዱ ፒያኖ ተጫዋች ናት። ዘፋኙ በሩን ሲከፍት ዓይኑ ቀልቷል፤ እጅ ሲነሳ፣ ወንበር ሲስብ፣ ውሃ ሲያቀርብ እንኳ የሚወደድ ልጅ ነው።

«በአንድ ግቢ ነው ያደግነው ጋሼ። እሱ ሲርበው እኔን ይርበኝ ነበር።»

«ወደ መለማመጃው የሄድከው መቼ ነው?»

«ረቡዕ። ከዚያ ወዲህ እግሬ አልረገጠም። ዓርብ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ከእህቴ ጋር አዲስ ዘፈን ስንቀዳ ነበር። ቅጂው አለ፤ ሰዓቱም ተጽፎበታል፤ ይውሰዱት።»

«እንዲያ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ እህቱ ዞሮ።

«አዎ» አለች። «አብረን ነበርን።» ከዚያ በኋላ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

መኪና ውስጥ ሳጅኗ አልቻለችም። «የሁለተኛውን እትም ሽፋን ከማተሚያ ቤት የተረከበው ማነው ብዬ ጠየቅኩ እኮ። እሷ ናት! ምናልባት እኛ ወንድምየውን ስናይ...»

«ሊሆን ይችላል።»

«እርስዎ ሁልጊዜ ‹ሊሆን ይችላል›!»

«ሊሆን ስለሚችል ነዋ።»

እሑድ ከጸሎት መልስ መኪናውን ጥላ ስር አቁሞ ቅጂውን ከፈተ። ዘፋኙ ወደ አዲሱ ዘፈን ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን ለማሟሟቅ ከ«መስኮትሽ ሲበራ» አንድ አንቀጽ ይዘፍናል። ጊታሩና እሱ ብቻ። መጨረሻ ላይ የእህቱ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ «ምነው ዛሬ ከበደህ?»

ኢንስፔክተሩ አልበሙን አስገብቶ ያንኑ አንቀጽ ሰማ። ከዚያ ቅጂውን። ከዚያ አልበሙን። የሙዚቃ ፊደል ቆጥሮ አያውቅም፤ ግን አንድ ሥዕል ግድግዳ ላይ በአንድ ጣት ከፍ ብሎ ሲሰቀል ዓይን እንደሚጎረብጠው ጆሮውን ጎረበጠው። ያው ሰው፣ ያው ዘፈን፤ ቅጂው ግን ከፍ ብሏል። ልጁ ጫፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ መሰላል ያነሰው ሰው ይመስል ይንጠራራል።

ሰኞ ጠዋት አልበሙን ወደ ቀዳው የስቱዲዮ ባለሙያ ሄደ። ባለሙያው ሁለቱን በመሣሪያው ለካና ግንባሩን አከከ።

«እነዚህ ልጆች መሣሪያቸውን የሚቃኙት በዚያ አሮጌ ፒያኗቸው ነው። ፒያኖው በዕድሜ ብዛት ከትክክለኛው አንድ ደረጃ ወርዷል። እነሱ ግን ለምደውታል፤ ሲገቡ መጀመሪያ የፒያኖውን አንድ ቁልፍ መታ ማድረግ፣ ከዚያ ጊታር ማጥበቅ፤ እንደ ሰላምታ ነው። አልበሙንም በዚያው ልክ ነው የቀዳሁት፤ ድምፁ የሚያምረው እዚያ ነው። ይሄኛው ግን...»

«በትክክለኛው ልክ ነው?»

«ቢሆንማ በስልኩ ቃኘው እል ነበር። አይደለም። መሃል ላይ ነው፣ ግማሽ ደረጃ። መሃል ላይ የሚቃኝ ሰው ደግሞ የለም።»

ኢንስፔክተሩ ምን እንደታየው አያውቅም፤ ቀዩን ጨርቅ ከፖስታው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ባለሙያው ሳቀ። «ይቺማ የፒያኖ ቃኚ ጨርቅ ናት። አንዱን ክር ሲያጠብቅ ጎረቤቶቹ እንዳይጮኹበት በመሃላቸው ይወሽቃታል።»

የፒያኖውን ክዳን ሲያነሱ ከውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ቀንና ስልክ ቁጥር አገኙ። ቀኑ ያለፈው ሐሙስ ነው። ቃኚው ጣታቸው የተቆለመመ ሽማግሌ ናቸው።

«ጠራኝ፣ መጣሁ። ቤዝ የሚመታው ዝምተኛ ልጅ። እስክጨርስ የእጅ ባትሪ ያዘልኝ ብታምን! ግን ክሮቹ አርጅተዋል፤ እስከ ጥጉ ካወጣኋቸው ይበጠሳሉ አልኩት። ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻ ነው የሳብኳቸው። በዚህ ልክ የተቃኘ ሌላ ፒያኖ ያለ አይመስለኝም ልጄ።»

«ለምን እንዳስቃኘው ነገረዎት አባባ?»

«ለጓደኛው። ‹ስንት ዓመት ሙሉ ይሄ ፒያኖ ሳይቃና እኛም አንቃናም እያለ ይቀልዳል፤ ዓርብ ሲመጣ ላስደንቀው ነው፤ ለማንም እንዳይናገሩ› አለኝ። ግማሽ መንገድ ነው ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ይሁን፣ እሱ ግማሹንም ይሰማዋል፤ ጆሮው ለብቻ ነው።›»

ኢንስፔክተሩ ከሽማግሌው ቤት ሲወጣ መኪናውን ቶሎ አላስነሳም። ሳጅኗ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም።

እህትየዋን ወደ መለማመጃው ክፍል ጠራት፤ ብቻዋን። ከረቡዕ ወዲህ አልመጣችም ነበር፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ደግሞ ክፍሉ በፖሊስ ታሽጎ ነበር። በፒያኖው እግር አጠገብ ያለውን እድፍ አይታ ፊቷን አዞረች።

«አንዴ ትጫወቺልኛለሽ?»

«ምን ልጫወት?»

«የፈለግሽውን።»

ቆማ፣ በአንድ እጇ አንድ ቁልፍ መታች። እጇ እዚያው ቀረ። እንደገና መታች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ይሄ የእኛ ፒያኖ አይደለም።»

«የእናንተ ነው። ሐሙስ ተቃኝቷል። ዝምታ ነው ያስቃኘው፤ ያወቀ ሰው አልነበረም።»

«ግን አልተቃናም እኮ። መሃል ላይ ነው...»

ኢንስፔክተሩ መልስ ሳይሰጥ ቅጂውን ከፈተ። የወንድሟ ጊታር ክፍሉን ሞላው። ልጅቷ ሳታስበው ጣቷ ወደ ቁልፎቹ ሄደ፤ ፒያኖውና ጊታሩ እንደ በርና መቃን ገጠሙ። አንድ አንቀጽ ሙሉ አብራው ተጫወተች። ከዚያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረችና አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«እግሬ አልረገጠም ብሎኝ ነበር» አለች። «ለእኔ! ለእኔ እንኳ!»

«ስንት ሰዓት ነው ወደ ቤት የመጣው?»

«አሥራ አንድ ተኩል። ጊታሩን ይዞ መጣና ‹ፍጠኚ፣ ሳይጠፋብኝ እንቅዳው› አለ። የመቅጃውን ሰዓት እሱ ነው የነካካው። ቅዳሜ ወሬውን ስንሰማ ‹ዓርብ ከሰዓት ብቻዬን ስዞር ነበር፣ እውነቱን ብናገር ማን ያምነኛል፣ አብረን ነበርን በይልኝ› አለኝ። ወንድሜ ነው። አልኩለት።» ትንሽ ቆይታ ጨመረች። «ሁለተኛውን እትም ከማተሚያ ቤት አምጥቼ ለዝምታ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስሙ እንዳልተስተካከለ አይቼ ነበር። እሱ ራሱ ይይ ብዬ በታሸገ ፖስታ ሰጠሁት። አፍ አውጥቼ መንገር ፈራሁ።»

ዘፋኙ በዚያው ዕለት ጣቢያ ቀረበ። የእህቱን ቃል ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፍጣፋ ሆነ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት። ወረቀቱን ፊቴ ላይ ዘርግቶ ‹ስሜ የታለ?› አለኝ። በሕይወቱ ጮኾብኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ ግጥሙን ስለሚወድልኝ... አንዴ ‹የእኔ ነው› ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ገፋሁት። ልገድለው አላሰብኩም!»

«መግፋቱን አልጠየቅኩህም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ደብተሩን ማቃጠሉንም እንተወው። ጓጉንቸሩን ነው የምጠይቅህ። ሲተነፍስ እየሰማህ ከውጭ ቆለፍክ።»

ዘፋኙ አንገቱን ደፋ።

«ስትገባ መጀመሪያ ምን አደረግክ?»

«ጊታሬን ቃኘሁ። ክሮቹ ረግበውብኝ ነበር።»

«አልረገቡም። ፒያኖው ነው ከፍ ያለው። ለአንተ ስጦታ ነበር።»

ዘፋኙ ተኮማተረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ሰፋው።

ዝምታ የነቃው በስድስተኛው ቀን ነው። ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ከትራሱ ነጥቶ፣ የኢንስፔክተሩን ጥያቄ ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ቃል ብቻ መለሰ።

«ወድቄ ነው።»

ሳጅኗ ደነገጠች። «እሱ እኮ አምኗል!»

«ወድቄ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወንበሩን አስጠጋ። ደብተሩን ዘጋ፤ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ያለ እሱ ቃልም ክሱ ይቆማል፤ ዘፋኙ ይታሰራል። አሥራ አንዱ ዘፈኖች ግን ያለዚህ ልጅ ቃል እስከ ዘላለም የሌላ ሰው ሆነው ይቀራሉ። ደብተሩ አመድ ሆኗል።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለ። «ፒያኖውን ሰማው?»

ልጁ ጣሪያውን አየ።

«ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት» አለ፣ ቃሎቹን አንድ በአንድ ከሩቅ የሚያመጣቸው ይመስል። «ገባ። ቁልፉን መታ። ጊታሩን አጠበቀ። አሁን ቀና ይላል፣ አሁን ይስቃል አልኩ። ቀና አላለም። ፖስታውን የዚያን ዕለት ጠዋት ነው የከፈትኩት፤ ኪሴ ነበር። ቢሰማ ኖሮ... እውነቴን ነው፣ ቢሰማ ኖሮ አላወጣውም ነበር።»

ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። «ግን እኔ ብናገር እሱ ይጠፋል።»

ኢንስፔክተሩ የመጋዝ ብናኝ የሸተተው መሰለው። ለሚስቱ እንኳ ነግሯት የማያውቀውን ጣውላውን፣ ሁለቱን ድምፆች፣ ቁም ሳጥኑን ነገረው። ሳጅኗ መስኮቱ አጠገብ እንደቆመች ቀረች።

«የትኛው ነበር አባትዎ?» አለ ልጁ።

«አላውቅም። ማፏጨቱን እንደተወ ግን አውቃለሁ። እስኪሞት አላፏጨም።»

ኮሪደሩ ላይ የነርስ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ እህትየዋ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ አዲስ ሰማያዊ ደብተር ይዛ፣ ልግባ ለማለት አፍ አጥታ። ልጁ በበሩ ክፍተት ጫማዋን ያያል።

«እሷም ዋሽታለች አይደል?»

«ዋሽታለች። መልሳ አቃንታዋለች።»

ኢንስፔክተሩ አልጎተጎተውም፤ መጠበቅ ያውቃል።

«እሺ» አለ ዝምታ። «ቃሌን እርስዎ ይጻፉ። የሆነውን ብቻ፤ ስድብ አይጨመርበት። ዘፈኖቹን ግን እሷ ትጻፍ። ሁሉም በቃሌ ናቸው፤ የትና መቼ እንደጻፍኳቸውም እናገራለሁ።»

«ይቅር አልካት ማለት ነው?» አለች ሳጅኗ፣ ሳታስበው አምልጧት።

«አላልኩም። ጽሕፈቷ ግን ያምራል።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን እንደገና አወጣ። ሳጅኗ ሄዳ በሩን ከፈተች።